የፊልድ ሆድ

ግንቦት ለኔ ቢጤ ጡረተኛ በረንዳ ላይ ፀሐይ የሚሞቅበት ወር ነው፣ ለመሥሪያ ቤት ሰው ግን በጀቱ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት ያላለቀውን ለመጨረስ መኪና እየተሻሙ ፊልድ የሚወጡበት ነው። ለዛም ይመስለኛል በዚህ ወር ለአምዳችን የመጡት ጥያቄዎች ባብዛኛው ስለ ሆድ የሆኑት፣ የት እንብላ፣ ምን እንብላ፣ ምን በልተን ነው እንዲህ የሆነው። አዲስ ለሆናችሁ አንባቢዎች፦ እኔ በእንስሳት ጤና ሥራ ከ20 ዓመት በላይ ወሎን ከከሚሴ እስከ ኮቦ፣ ከባቲ እስከ ላሊበላ ዞሬያለሁ። ምግብ አብሳይም የሰው ሐኪምም አይደለሁም፣ ሥጋውንና ወተቱን ግን ከነበሽታው አውቀዋለሁ፣ ሆዴም የራሱን ዋጋ ከፍሏል። ደብዳቤዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት። ከአዲስ አበባ ተዛውሬ ደሴ ከገባሁ 4 ወር ሆነኝ፣ ኦዲተር ነኝ፣ የወሩን ግማሽ ወልድያ መርሳ ከሚሴ እያልኩ ነው የማሳልፈው። ሰው ሁሉ "ሹፌር የሚበላበት ብላ" ስለሚል እኔም አውቶብስ ተደርድሮ ካየሁበት ቤት እገባለሁ፣ ግን ባለፈው ወር ብቻ ሁለት ቀን ሥራ ቀርቼ አልጋ ላይ ዋልኩ። ትልቅ ሆቴል ብቻ ልብላ እንዳልል አበሌ አይችለውም። ቤት የሚመረጠው እንዴት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ምክሩ ልክ ነው፣ የተሳሳትከው ሹፌሩን ነው። የአውቶብስ ሹፌርና ረዳቱ እኮ ተሳፋሪ ስላመጡ በነፃ ነው የሚበሉት፣ ለነሱ ለብቻ ነው የሚሠራላቸው፣ እሱ የበላው ጥብስና አንተ የበላኸው ጥብስ ካንድ መጥበሻ አልወጣም። ያ ቤት ደግሞ ስልሳ ሰው በግማሽ ሰዓት አብልቶ መሸኘት አለበት፣ ስለዚህ ጠዋት ሠርቶ ያስቀምጣል፣ አውቶብሱ ሲቆም ያሞቀዋል፣ ቀጣዩ ሲቆም እንደገና ያሞቀዋል። አንተን ደግሞ ዳግም አያይህም፣ ብትታመምም ቤትህ ገብተህ ነው የምትታመመው፣ ማን መጥቶ ይወቅሰዋል? መጠየቅ ያለብህ ከኪሱ ከፍሎ የሚበላውን ሹፌር ነው፣ አይሱዙ የሚነዳውን፣ ቦቴ ይዞ በሳምንት ሁለቴ እዛው መስመር ላይ የሚመላለሰውን።

ከሹፌርም የሚበልጥ ምልክት ግን አለ፣ እሱም የወር ኮንትራት ነው። ሁሉም የወረዳ ከተማ ላይ ላጤ መምህራን፣ ነርሶችና የባንክ ልጆች ደብተር ላይ እያስመዘገቡ በልተው ደሞዝ ሲወጣ የሚከፍሉበት ቤት አለ። ታፔላ ላይኖረው ይችላል፣ ዋናው አስፋልት ላይም ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ ባንክ ስትገባ ገንዘብ የምትቆጥርልህን ልጅ "ኮንትራት የት ነው የምትበሉት?" በላት፣ ሳቅ ብላ ትነግርሃለች። አንድን ሰው ሰላሳ ቀን የሚያበላ ቤት ሰው ካሳመመ በነጋታው ደብተሩ ባዶ ነው፣ ጤና ቢሮ ከሚለጥፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

እኔ መርሳ ላይ እንዲህ ዓይነት አንዲት ቤት ነበረችኝ። አራት አግዳሚ ወንበር፣ በር ላይ የአበባ መጋረጃ፣ በቃ ይሄው ነው ቤቱ። ሴትየዋ ሽሮዋን ለየሰው በትንንሽ የሸክላ ድስት ነው የምትሠራው፣ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ እንኳን ይንተከተካል፣ ወደ ጫፍ ጫፉ ያረረችውን ቀይ ቅርፊት በእንጀራ እየፋቅኩ ስበላ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቃሪያ ታጥባለች፣ መጀመሪያ እጇን በሳሙና፣ ከዛ ቃሪያውን ሁለቴ። ጓዳውን ካዳራሹ የሚለይ ግድግዳ አልነበራትም እኮ፣ ሀብቷ እሱ ነበር። አንተም ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ሜኑ ሳይሆን ማስታጠቢያው ይሁን፣ ጀሪካኑ ውሃ አለው ወይ፣ ሳሙናው አለ ወይስ የሳሙናው ማስቀመጫ ብቻ ነው የቀረው፣ ደንበኛው በእጁ እንደሚበላ እያወቀ ሳሙና የማያስቀምጥ ሰው ጓዳ ያለው ጉድ ገና ነው።

ሌላው ሰዓት ነው፣ እዚህ ላይ ነው የመሥሪያ ቤት ሰው የሚሳሳተው። የምሳ ወጥ ከእሳት የሚወርደው 5 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ 6 ሰዓት ላይ ከገባህ ትኩስ ትበላለህ። ስብሰባው ተራዝሞ 9 ሰዓት ላይ ከገባህ ግን ያው ወጥ ሦስት ሰዓት ያህል ለብ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚጠብቅህ፣ ጀርም ደግሞ የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ለብታ ውስጥ ነው፣ የበሰለ ምግብ እንዲህ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም ይባላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ትንሽ ያግዝሃል። ከሚሴና ኮቦ ግን 1500 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ እዛ ሙቀት ላይ የረፈደ ወጥ አትንካ፣ ከረፈደብህ እሳት ላይ እያየኸው የሚሠራ እዘዝ፣ ተጋቢኖ ወይ እንቁላል ወይ ጥብስ፣ "ፍርፍር አለ" ካሉህ ግን ወጡ የመቼ እንደሆነ ጠይቅ፣ ፍርፍር ማለት የትናንት ወጥ መደበቂያ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ቆላ ስትወርድ ደግሞ የማሽላ እንጀራ ይመጣልሃል፣ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንክ ነው የምነግርህ፣ ፊትህን አታጥቁር፣ የዕለቱ የማሽላ እንጀራ ከሦስት ቀን ጤፍ ይሻላል። ሲያድር ግን ይደርቃል ይፈረፍራል፣ ስለዚህ መቼ እንደተጋገረ ማወቅ ቀላል ነው፣ ስትጠቀልለው ከተሰበረ የትናንት ነው።

ትልቅ ሆቴል ያልከውን በተመለከተ፣ እኔ በዛ ሁሉ ዓመት ክፉኛ የታመምኩት አንዴ ነው፣ እሱም ጉልት ላይ በልቼ አይደለም፣ የስልጠና ቡፌ ላይ ነው። ስሙን ልተወው፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ብረት ክዳን ያላቸው ትሪዎች፣ ከስራቸው የማሞቂያ ሻማ ያላቸው ግን ሻማው የጠፋ። የከሰዓቱ ሰልጣኝ ግማሹ አልተመለሰም፣ አሰልጣኙም አልተመለሰም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ጴንጤ ነኝ፣ ሁሉን እበላለሁ። ለፕሮጀክት ኮምቦልቻ ስመጣ አርብ ቀን ምሳ ፍለጋ ሦስት ቤት ዞርኩ፣ አንዱ የጾም ብቻ ነው ያለን አለኝ፣ ሁለቱ ዝግ ናቸው። ሌላ ቀን ደግሞ የሥራ ባልደረቦቼን ጥብስ ልጋብዝ ብዬ ይዣቸው ገባሁ፣ ሁለቱ ሻይ ብቻ ጠጥተው "ጠግበናል" አሉኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አብሽር፣ ምንም አላጠፋህም፣ የነገረህ ሰው ስለሌለ ነው። ወሎ ላይ ሥጋ ሃይማኖት አለው። ሙስሊሙ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፣ ኦርቶዶክሱም ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በር ላይ ቀና ብለህ ብታይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ አለ፣ ከሌለ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ እይ፣ የመካ ነው ወይስ የማርያም፣ እሱም ከሌለ አስተናጋጁን ጠይቅ፣ ጥያቄው እዚህ ሀገር ነውር የለውም፣ "የማን ቤት ነው?" ትላለህ ይነግሩሃል። ጠብ መስሎህ እንዳትጨነቅ ደግሞ፣ እነዚሁ ሰዎች ካንድ ቤተሰብ ናቸው፣ የአንዱ አያት ሙስሊም የአንዱ ክርስቲያን፣ ሠርግ ሲሆን ሁለት በሬ ይታረዳል፣ ለየሰው በየወገኑ ድግሱ ይቀርባል፣ ቡናው ላይ ሁሉም አንድ ረከቦት ይከባል። ባልደረቦችህ "ጠግበናል" ያሉህ አንተን እንዳያሳፍሩ ነው። ድብልቅ ሰው ስትጋብዝ አስቀድመህ ጠይቅ ወይም ሥጋ የሌለበት ያዝ፣ ጠዋት ከሆነ ፉል፣ ምሳ ከሆነ በያይነቱ ወይ ዓሣ፣ ብዙ ሰው በዛ ይስማማል።

አርቡ ደግሞ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ክርስቲያኑ አርብና ረቡዕ ይጾማል፣ ሙስሊሙ አርብ ቀትር ላይ ዘግቶ ጁምዓ ይሄዳል፣ አንተ የወጣኸው ሁለቱ መሀል ነው። ወይ ቀደም ብለህ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ብላ፣ ወይ ከጁምዓ ሲወጡ ጠብቅ፣ ያን ጊዜ እንደውም ሥጋው ትኩስ ነው ቤቱም ይሞቃል። ከሳምንቱ ጾም በላይ ግን የሚያስፈልግህ የወሩን ማወቅ ነው፣ ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ ላይ 15 ቀን ነው፣ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ እየመጣ የሚዞር ስለሆነ ከሁዳዴ ጋ የሚገጥምበት ጊዜ አለ። 2017 የካቲት ላይ ባንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ፣ ያን ሰሞን ደሴ ላይ እኩለ ቀን ምሳ የሚፈልግ እንግዳ አስበው፣ ሽሮና በያይነቱ የሌለበት ቤት ዝግ ነው። በረመዳን እኔ የማደርገውን ልንገርህ፣ ምሳዬን ቀለል አድርጌ ማታ ጀምበር ስትጠልቅ ሙስሊም ቤት እገባለሁ፣ ቴምር፣ ሾርባ፣ ከዘይቱ ገና የወጣ ሳምቡሳ፣ ሁሉም ነገር የዛን ቀን ከሰዓት የተሠራ ነው፣ የሚያድር የለም። ግን አዛን ሳይል ሳህኑን እንዳትነካ፣ አንተ ባትጾምም አጠገብህ ያለው ሰው ቴምሩን በእጁ ይዞ እየጠበቀ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ አጭር ጥያቄ ነው፣ ቁርጥ ከበላሁ በኋላ አረቄ ከጠጣሁበት የኮሶ ትል ይሞታል አይደል? ኮቦ ከጓደኞቼ ጋ ተወራርደን ነው።

መልስ፦ ተበልተሃል። አይሞትም፣ በሚጥሚጣም አይሞትም፣ በአዋዜም በሎሚም አይሞትም። የትሉ እንቁላል ከሰው ሰገራ ሳር ላይ ይወድቃል፣ በሬው ይበላዋል፣ ጡንቻው ውስጥ ሩዝ የምታክል ፊኛ ሆኖ ይቀመጣል፣ አንተ ጥሬውን ስትበላ አንጀትህ ውስጥ ያድጋል፣ ሜትሮች ይረዝማል። የሚገድለው ሙቀት ነው፣ ሙዳው መሀሉ ድረስ ቀይ መሆኑን ሲተው። የቄራ ማህተም ያለበት ሥጋ ይሻላል፣ ግን እኔ ራሴ ለዓመታት ሥጋ መርምሬያለሁ፣ ፊኛው ጥቂት ከሆነ ቢላዋ ሳይነካው ያልፋል። የራያ ሰንጋ እፊቴ ተሰቅሎ ቁርጥ አትብላ ብዬ አልምልም፣ እኔም እበላ ነበር። ብቻ በልተህ ወራት ቆይቶ ነጭ ሪባን የመሰለ ነገር ካየህ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ውርርዱን ክፈላቸው።

ጥያቄ፦ ደሴ ወልድያ ስንመላለስ ሐይቅ ከተማ ላይ ቆመን ዓሣ እንብላ ይላሉ ልጆቹ፣ መቆም ያዋጣል?

መልስ፦ ያዋጣል፣ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስትሄዱ ሳይሆን ስትመለሱ ቁሙ ልል ነበር፣ ግን ተሳስቼ ነው፣ ስትሄዱ ቁሙ። መረቡ ሌሊት ተጥሎ ጠዋት ስለሚነሳ ከረፋዱ እስከ ምሳ ያለው ዓሣ ነው ዓሣ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚቀርብላችሁ ፍሪጅ ያለው ቤት ከሆነ ፍሪጅ የገባ ነው፣ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ምን እንደሆነ እንጃ።

ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ፣ ቲላፒያ የሚሉትን፣ ነው የምትጠይቁት። ሙሉውን ከነጭንቅላቱ አሳዩኝ በሉ፣ ዓይኑ ጎላ ብሎ የሚያበራ ከሆነ፣ ጉንጩ ስር ከፈት ስታደርጉት ቀይ ከሆነ፣ ጎኑን በጣት ስትጫኑት ተመልሶ ከሞላ ትኩስ ነው። ጭንቅላቱን ቆርጠን ነው የምናስቀምጠው ካሉ ሌላ ቤት ሂዱ፣ ዓሣ ዕድሜውን የሚናገረው በጭንቅላቱ ነው። ዘይቱን ደግሞ እዩት፣ እንደ ቡና የጠቆረ ከሆነ ጥብሱን ትታችሁ ጉላሽ እዘዙ። በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ጎንና ጎኑ ተሸንትሮ ክንፉ እንደ ቆሎ ሲንኮሻኮሽ፣ ከስር ነጩ ሥጋ በጣት ሲላቀቅ፣ ሎሚ ጨምቃችሁ በዳጣ ስታጠቅሱ መኪናው ውስጥ የሚጠብቃችሁን ሪፖርት ሁሉ ትረሱታላችሁ። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቼዋለሁ፣ እኔ እዛ ክርክር ውስጥ ገብቼ በሰላም ወጥቼ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እኔ እንኳን ያንተ ዘመን ሰው ነኝ፣ የከብት ገበያ ዋጋ እየሰበሰብኩ ሰኞ ሰኞ ባቲ እወርዳለሁ። እዛ የማውቃቸው ሰዎች የግመል ወተት ካልጠጣህ አትሄድም ይሉኛል፣ እኔም ደስ ብሎኝ እጠጣለሁ፣ ወይራ የታጠነ ዕቃ ላይ የተቀመጠ ጭሱ የሚሸት ወተት ማን ይጠላል። ልጆቼ ግን ይቆጡኛል። ጭሱ አያጸዳውም ወይ?

መልስ፦ ጌታዬ፣ የባቲ ሰኞ ሲነሳ እኔም አፌ ውሃ ይሞላል፣ ከአፋር የሚወጣው ግመል፣ ከላይ የሚወርደው ጤፍና ገብስ፣ የኦሮሞው ፍየል፣ ሁሉም አንድ አቧራ ውስጥ። ግን ለልጆችዎ ልፍረድ። ጭሱ ዕቃውን ያጸዳል፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፣ ጣዕሙንም እርስዎ ያውቁታል፣ ከእንስሳዋ ጡት አብሮ የሚወጣውን፣ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ የሚያመጣውን ጀርም ግን አይገድለውም። ግመልም ፍየልም ላምም ይይዛቸዋል፣ እንስሳዋ ጽንስ ከማስወረድ በቀር የታመመች አትመስልም፣ ሰው ላይ ሲመጣ ግን ትኩሳት ይሄዳል ይመጣል፣ ሌሊት ያልባል፣ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል። ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ስለሆነ ወባ ነው ይባላል፣ ወባ ካልሆነ ታይፎይድ ነው ይባላል፣ እንዲህ እየተባለ ወራት ያልፋል። ሥራዬ ላይ ያሉ ባልደረቦቼ በዚህ ሲንገላቱ አይቻለሁ። እርስዎም እንዲህ ዓይነት ትኩሳት ካለብዎ ሐኪሙን "ያልፈላ ወተት እጠጣለሁ" ብለው ይንገሩት፣ ሳይነግሩት ላይጠረጥር ይችላል።

አልጠጣም ብሎ መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ፣ ሰው ያስቀይማል። እኔ የማደርገው፣ "ሐኪም ቀዝቃዛ ከልክሎኛል፣ በሻይ አድርጉልኝ" እላለሁ። ወተቱ ከሻይ ቅጠሉና ከስኳሩ ጋ አንድ ላይ ይፈላል፣ እነሱም አልተቀየሙ እኔም ጠጣሁ፣ ደግሞ ይጣፍጣል። ልብ ይበሉ፣ ወተቱ አብሮ ካልፈላ፣ በፈላ ሻይ ላይ ከላይ ጠብ ካደረጉት ምንም አልሠራንም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፊልድ በወጣሁ ቁጥር ሆዴ ይላላል፣ እኔም ሲፕሮና ቲኒዳዞል ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው፣ ገና ሲጀምረኝ እውጣለሁ። ጨጓራም አለብኝ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለህም። አብዛኛው የመንገድ ተቅማጥ በሁለት ሦስት ቀን በራሱ ያልፋል፣ አንተን የሚጎዳህ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ያንን አይተካም። በዘፈቀደ ስትውጠው ጀርሙ ይለምደዋል፣ የእውነት ያስፈለገህ ቀን አይሠራልህም፣ እኔ ይሄን በከብት መድኃኒት ነው ያየሁት፣ ገበያ ላይ በዘፈቀደ የተሸጠ ኦክሲቴትራሳይክሊን በኋላ በሬውን ማዳን ሲያቅተው። ቦርሳህ ውስጥ ኦአርኤስ፣ በውሃ የሚበጠበጠውን የተቅማጥ ዱቄት፣ ያዝ፣ ዋጋው ምንም አይደለም። እሱም ከሌለ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ላይ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ያልተቆለለ፣ ጨዋማነቱ ከእንባ እንዳይበልጥ ቅመሰው። ቶሎ ቶሎ ትንሽ ትንሽ ጠጣ። ደም ካየህ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ የጠጣኸው ሁሉ ካስመለሰህ ወይ ሦስት ቀን ካለፈው ጤና ጣቢያ ነው፣ ፋርማሲ አይደለም።

ውሃ ላይ አንድ ነገር፣ ደሴና ላሊበላ ያለው ከፍታ ላይ ውሃ ገና 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ አፈላሁት ብለህ ወዲያው አታውርደው፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆንክ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ሃይላንድ ከገዛህ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ጠቅ ማለቱን ስማ። ጨጓራህን በተመለከተ ባዶ ሆድህን ቡና አትጠጣ፣ ጠዋት ቅንጬ ወይ ገንፎ ያለበት ቤት ፈልግ፣ ደሴ ብርድ ላይ የገብስ ገንፎ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሀሉ ቅቤ ይዞ ሲቀርብልህ ከጨጓራ መድኃኒት በላይ ነው፣ በርበሬውን ጥግ እንዲያደርጉት ንገራቸው። ካልተሻለህ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ባክቴሪያ ተመርመር፣ ያለ ምርመራ ዓመት ሙሉ ኦሜፕራዞል የሚውጥ ሰው ብዙ አለ።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ ደግሞ ሴት ነኝ፣ የቡድን መሪ ነኝ፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን ነው የምወጣው። ብቻዬን ምግብ ቤት ስገባ ወንዱ ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ በተለይ ማታ፣ ስለዚህ ብስኩትና ሙዝ በልቼ የምተኛበት ቀን ይበዛል። የአንዲት እናት ጠባብ ግን ንጹህ ቤት አግኝቼ እዛ መብላት ስጀምር ደግሞ ያንዱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ "አንቺን የመሰለ ሰው እዚህ ይበላል?" አለኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህት ዓለም፣ እሱን "ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን አይተኸዋል?" በይው። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት የነበረ አዳራሽ ነው፣ ስሙ አይጠየፍ የሆነው ትንሽ ትልቅ ሳይል ሁሉም ገብቶ ይበላበት ስለነበር ነው። እዛች ከተማ ላይ ቆሞ ጠባብ ቤት መናቅ እንዴት ይሆናል? ደግሞ አንቺ ያለሽበት ቤት ከሱ ሆቴል የተሻለ ንጹህ እንደሆነ ደብዳቤሽ ራሱ ይናገራል።

መታየቱን በተመለከተ እኔ ወንድ ነኝና ባለቤቴን ጠየቅኳት፣ እሷም መምህር ሆና ወረዳ የሠራች ናት። እሷ ያለችኝ፣ አዲስ ከተማ ስትገቢ መጀመሪያ ምግብ ቤት ሳይሆን ቡና የምታፈላ ሴት ጋ ሂጂ፣ በርጩማ ስበሽ ቁጭ በይ። ወሎ ላይ ቡና ብቻውን አይጠጣም፣ አቦል ሳያልቅ የማን ልጅ እንደሆንሽ ትጠየቂያለሽ፣ በረካው ሲደርስ የት መብላት እንዳለብሽም የት መብላት እንደሌለብሽም ታውቂያለሽ፣ ከዛ በኋላ ያቺ ሴት "እንግዳዬ ናት" ካለች የሚያስቸግርሽ የለም። እራትሽን 12 ሰዓት ላይ ጨርሺ፣ ከዛ በኋላ ምግብ ቤቱ ግማሹ ቢራ ቤት ይሆናል። ከግድግዳ ጋ ተቀምጠሽ ፊትሽን ወደ ጓዳው አድርጊ፣ አስተናጋጁን ሳይሆን ባለቤቷን አናግሪ፣ ስትወጪም "ነገ ስንት ሰዓት ነው ወጥ የሚደርሰው?" ብለሽ ጠይቂያት። ባለቤቴ እንደምትለው ይሄን ለጠየቀች ሴት በነጋታው ወጡ ቀድሞ ለሷ ነው የሚወጣው፣ እኔ ያው ሃያ ዓመት ዞሬ ይሄን አላወቅኩም ነበር።